ከመወጣጫ ላይ የወደቀ ሠራተኛ መብቱን የሚያጣባቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ሕንፃ የማይሠራበት ሰፈር የለም። አቶቴ ሂዱ፣ ዳቶ ሂዱ፣ ታቦር ሥር ሂዱ፤ በአጣናና በሚስማር በተያያዘ መወጣጫ ላይ ለሳኝና ግንበኛ ቆሞ ታያላችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ቀበቶ የለውም፣ የሚረግጠው አንድ ጣውላ ነው። ይህ ሰው ቢወድቅ ሕጉ ከጎኑ ነው። የሚያንገበግበኝ፣ ብዙዎች ይህን መብት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በሚሠሩት ስህተት ማጣታቸው ነው።

«ያዳለጠኝ እኔን ነው» ብሎ መተው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። እግራችሁ ቢስት፣ ባልዲ ስታነሱ ሚዛናችሁን ብትስቱ፣ ያው የሥራ ላይ ጉዳት ነው። አሠሪው ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ጠጥቶ ሥራ መግባት ሕጉ ሆን ተብሎ እንደተደረገ ይቆጥራቸዋል። ቀበቶ ተሰጥቷችሁ፣ እሰሩ ተብላችሁ ካላሰራችሁ ነገሩ ይከብዳል። ቀበቶ ያልሰጠ ፎርማን ግን «ለምን አላሰረም?» የሚልበት አፍ የለውም። ጣውላው የበሰበሰ ወይም መወጣጫው በደንብ ያልታሰረ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የአሠሪው ነው። ያኔ በአዋጁ ከተወሰነው ክፍያ ሌላ ተጨማሪ ካሳ መጠየቅም ይቻላል።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ካቦው እንዲናገር መተው

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። የተጎዳው ሰው በሕመም ራሱን አያውቅም። ሐኪሙ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያመጣው ካቦ ወይም ፎርማን ቀድሞ ይመልሳል፦ «ቤቱ ውስጥ ከመሰላል ላይ ወድቆ ነው።» ያቺ አንድ መስመር ካርዱ ላይ ትጻፋለች። ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት የምትቀርበውም እሷው ናት።

ስለዚህ መናገር ከቻላችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። ካልቻላችሁ አብሯችሁ የሚሠራ ጓደኛ ወይም ዘመድ ይናገር። የት ሳይት፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከምን ላይ እንደተወደቀ ካርዱ ላይ ይስፈር። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይታችሁ በኋላ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከተላካችሁ፣ የመላኪያ ወረቀቱም ላይ ያው ታሪክ መኖሩን አረጋግጡ። ተሳስቶ ተጽፎ ካገኛችሁት፣ ገና ተኝታችሁ ሳለ እንዲስተካከል ሐኪሙን ጠይቁ። የመድኃኒትና የራጅ ደረሰኝ አንድም አይጣል።

የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና በቅርብ ወዳለ ሕክምና ማድረስ የአሠሪው ግዴታ ነው። የሕክምናውንም ወጪ የሚሸፍነው እሱ ነው፤ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ አስፈላጊ ከሆነ ሰው ሠራሽ አካል ጭምር። ቸርነት አይደለም።

በቀጥታ ወጌሻ ጋ መሄድ

ወጌሻን የምንወድበት ምክንያት ይገባኛል፤ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው። ነገር ግን ከፎቅ የወደቀ ሰው የውስጥ ደም መፍሰስ ወይም የአከርካሪ ጉዳት ሊኖርበት ይችላል። በጣም የጠበቀ እስር ደግሞ ደም ዘግቶ እጅና እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል። በዚያ ላይ ራጅ የለ፣ ካርድ የለ። ሐኪም የሰጠውን ቀጠሮ ያለ ምክንያት መቅረትም መሥራት ባልቻላችሁበት ጊዜ አሠሪው በየወሩ የሚከፍላችሁን ገንዘብ ሊያሳግድ ይችላል።

መወጣጫው እስኪፈርስ መጠበቅ

ሰው በወደቀ ማግስት ሳይቱ ሌላ መልክ ይይዛል። የተሰበረው ጣውላ ይነሳል፣ የላላው አጣና በአዲስ ሚስማር ይመታል። በዚያው ቀን ጓደኛ በስልክ ፎቶ ያንሳ፦ የተሰበረውን እንጨት፣ የወደቃችሁበትን ቦታ፣ በር ላይ ያለውን ታፔላ። ታፔላው የባለቤቱንና የኮንትራክተሩን ስም ስለሚይዝ ማንን እንደምትከሱ ይጠቁማችኋል። ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ ያዙ። የቀን ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሻሸመኔ ወይም ሶዶ ነው፤ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው።

አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት። ዝም ካለ እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቀን የሰፈረበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር።

«የተጻፈ ውል የለኝም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ

የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ወረቀት አለመኖሩ በአዋጁ ያላችሁን መብት አያሳጣም። እዚያ መሥራታችሁን ግን ማስረዳት አለባችሁ፦ የፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ፊርማ፣ የባንክ ወይም የቴሌብር ክፍያ፣ ፎርማኑ «ነገ በጠዋት ና» ያለበት መልእክት፣ አብረው የሠሩ ምስክሮች። በሌላ ሰው ስም ፔሮል ላይ መፈረም ወይም ከምትቀበሉት ያነሰ ደመወዝ ላይ መፈረም የኋላ ኋላ ይጎዳችኋል። ምክንያቱም ካሳው የሚሰላው ከደመወዝ ነው።

ሳይድኑ ፈርሞ ገንዘብ መቀበል

አሠሪው ሽማግሌ ይልካል። ጥቂት ሺህ ብር ይዘረጋል። ቀጥሎ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የምትል ወረቀት ትመጣለች፤ ፈርም፣ ወይም አሻራ አድርግ። ይሉኝታም አለ፣ የቤት ኪራይም አለ። ግን ሒሳቡን እዩት።

በወር 9,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ለጊዜው መሥራት ካልቻለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ ማለትም 6,750፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ማለትም 4,500 ብር በየወሩ ያገኛል። ጉዳቱ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው ከሥራ ካስወጣው፣ በጡረታ ላልታቀፈ ሠራተኛ ክፍያው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው፤ 540,000 ብር ማለት ነው። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን 30 በመቶ ካለው 162,000 ይሆናል። የጡረታ መዋጮ እየተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የዘለቄታው ክፍያ በጡረታ ሕጉ ይታያል።

ቦርዱ መቶኛውን ሳይወስን ምን ያህል እንደሚገባችሁ ማንም አያውቅም። ለሕክምና የሚሰጣችሁን ተቀበሉ፤ «ለሕክምና የተሰጠ» ተብሎ ይጻፍ። «ጉዳዩ አልቋል» የሚል ወረቀት ላይ ግን አትፈርሙ።

ጊዜ ማሳለፍ

ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ጥያቄ፣ ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነለት፣ መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ በኋላ መክሰስ አይቻልም። ያልተከፈለ የቀን ሒሳብ ካለ እሱ በስድስት ወር ነው። ሽማግሌ ሲመላለስ ይህ ጊዜ እየሄደ ነው።

ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛው የዳኝነት አይከፍልም፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ አዋጁ ያዝዛል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌላችሁ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው። ስትሄዱ የሕክምና ካርዱን፣ ፎቶዎቹንና የምስክሮቹን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ።