ያበጠ እግር ሲያጋጥም፦ በትንኝ የሚተላለፈውን ዝሆኔ መለየት

ድሬዳዋ ትንኝን የምታውቀው በወባ፣ በደንጊና በቺኩንጉንያ ነው። የዝሆኔ ትል (ውቸሬሪያ ባንክሮፍቲ) ግን በአገራችን በብዛት ያለው በምዕራቡ ቆላ፣ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። ስለዚህ እግሩ ያበጠ ሰው ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሲመጣ መጀመሪያ የት፣ ለስንት ጊዜ እንደኖረ ጠይቁት። ትሉ የሚጸናው ለወራትና ለዓመታት በተደጋገመ ንክሻ ስለሆነ የሳምንት ጉዞ ብቻውን እምብዛም አያሲዝም።

ቀጥሎ እብጠቱ ከየት እንደጀመረ ይታይ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ በኖሩ የደጋ ገበሬዎች ላይ የሚታየው ሌላው ዓይነት፣ ከአፈር እንጂ ከትንኝ የማይመጣው ዝሆኔ ከእግር ጣቶች ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ከጉልበት በላይም ብዙም አይሄድም። የትንኙ ግን አንድ እግር ላይ ሊያመዝን፣ እስከ ጭን ሊደርስ፣ ክንድና ጡትንም ሊነካ ይችላል። በወንድ ላይ የቆለጥ ከረጢት ውኃ መቋጠር ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ታማሚው አፍሮ ስለሚደብቀው ለብቻው ጠይቁት። እንደ ወተት የነጣ ሽንትም ይታያል። በድንገት ያበጠና የሚያም አንድ እግር ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ሐኪም ይየው።

ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት፣ የብሽሽት ንፍፊትና የቆዳ መቅላት ሲመጣ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ለአንቲባዮቲክም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ማሸት፣ መተኮስና መብጣት ቁስል ከፍተው ባክቴሪያ ያስገባሉ፤ እያንዳንዱ ግርሻም እግሩን ይበልጥ ያወፍረዋል።

የትሉ እጭ ደም ውስጥ የሚበዛው ሌሊት ስለሆነ ለማይክሮስኮፕ ደም የሚቀዳው ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ላቦራቶሪው በዚያ ሰዓት ይሠራ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ቀንም ይሆናል፤ ውጤቱ በ10 ደቂቃ ይነበባል፣ ዘግይቶ ማንበብ ያሳስታል። እግሩ ካበጠ ዓመታት ባለፉት ሰው ላይ ሁለቱም ነጋቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ ግን በሽታው አልነበረም አያሰኝም።

እብጠቱን የሚይዘው የየዕለት እጥበት ነው፦ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙና፣ በጣት መሐልና በቆዳው እጥፋት ሁሉ። ዋናው ማድረቁ ነው፤ እርጥብ የቀረ እጥፋት ፈንገስ ያበቅላል፣ የተሰነጠቀው ቆዳም ለባክቴሪያ በር ይሆናል።

ዲኢሲ የተባለውን የዝሆኔ ትል መድኃኒት እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ። በዚያው በምዕራቡ ቆላ ኦንኮሰርኪያሲስም (ዓይንን ሊያሳውር የሚችል ሌላ የትል በሽታ) ስላለ፣ ሁለቱ በሽታዎች ያሉበት ሰው ቢውጠው ዓይኑን ሊጎዳው ይችላል።