ሐይቅ ላይ ጀልባ ከመከራየትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ሐይቅ ወደሚባለው ውኃ የሚመጣ እንግዳ ቅር ብሎት ሲመለስ ቅር ያሰኘው ሐይቁ ሆኖ አያውቅም። ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ያ ሰፊ ውኃ በተራሮች መሐል ሲገለጥለት ሰው ሁሉ ወሬውን ያቋርጣል። ቅሬታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ «ለእናንተ ብቻ» ተብሎ በተከራዩት ጀልባ፣ «ልዩ ሰው ነው» ተብሎ በተያዘላቸው አስጎብኚ። ደሴ ተቀምጬ እንግዶችን ወደ ሐይቅ የማመላልስ ሰው ስለሆንኩ፣ በመልሱ መንገድ መኪና ውስጥ ቅሬታውን የምሰማው እኔ ነኝ። አብዛኛው ጀልባው ከመነሳቱ በፊት በአንድ ሁለት ጥያቄ ሊቀር የሚችል ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ደሴት አለ ብሎ መምጣት

«ደሴቱን በግል ጀልባ መጎብኘት እንፈልጋለን» ተብሎ ሲደወልልኝ አስቀድሜ የምናገረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ ደሴት አለመሆኑን ነው። ድሮ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙ በውኃ የተከበበ መሆኑን፣ መነኮሳቱም በደንገል ታንኳ ይመላለሱ እንደነበር ጽፏል። በኋላ ውኃው እየሸሸ የገዳሙ መሬት ከዳርቻው ጋር ተያያዘ። ዛሬ ሦስት ጎኑ ውኃ፣ አንድ ጎኑ የብስ የሆነ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከሐይቅ ከተማ በእግር ይደረስበታል፤ መኪናም ይገባል።

ይህን ሳይነገረው የመጣ አባወራ ምን እንደሚሰማው ይገምቱት። ልጆቹን «ደሴት ላይ እንወርዳለን» ብሎ አስጎምጅቶ ያመጣል፤ ጀልባው ወደ ገዳሙ ሲጠጋ ከዛፎቹ ሥር የቆመ መኪና ያያል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚነገረው ሁሉ፣ እውነቱም ጭምር፣ ውሸት ይመስለዋል። ጀልባ አይያዙ ማለቴ አይደለም። ገዳሙን ከውኃው በኩል፣ በጥንታዊ ዛፎቹ እንደተሸፈነ ማየት ራሱን የቻለ ጸጋ ነው። ግን የሚከፍሉት ለዚያ እይታ መሆኑን አውቀው ይክፈሉ።

አስጎብኚን በጨዋታ አዋቂነቱ መምረጥ

ከሁሉ የባሰው ስህተት ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

ወሎ የጨዋታ አገር ነው። በየመንደሩ አንደበቱ የሚጣፍጥ፣ ሲናገር የሚያስለቅስና የሚያስቅ ሰው አይጠፋም። እንግዳውም «እገሌን ያዙ፣ ከእሱ ጋር አትሰለቹም» ሲባል ደስ ይለዋል። ነገር ግን ጨዋታ ማወቅና ቦታውን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ስልክ ላይ ሰውዬው ሲያስቃቸው የቆየ ሰዎች፣ ስለ ጉብኝቱ አንድም ነገር ሳይጠይቁት ቀብድ ሲልኩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ ጊዜ አያት፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ከአዲስ አበባ መጣ። ጀልባውንና አስጎብኚውን ዘመድ በስልክ አዘጋጅቶላቸው ስለነበር ከእኔ የፈለጉት መኪና ብቻ ነው፤ ጀልባው ላይ ቦታ ስለነበር አብሬያቸው ተሳፈርኩ። አስጎብኚው ጎምለል ያለ፣ ከወታደር ካፖርቱና ከከዘራው የማይለይ ሰው ነው። ጀልባ ነጂውን የሚያዘው በከዘራው ነበር፤ አንዴ ጎኑን መታ ሲያደርግ መሄድ፣ ሁለቴ ሲመታ መቆም። ሐይቁ መሐል ስንደርስ ሁለቴ መታና ሞተሩ ጠፋ።

ከዚያ አፈ ታሪኩን ጀመረ። በአካባቢው የታወቀው ነው፦ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ ፈጣሪም ተቆጥቶ ነፍሰ ጡሯ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ገዳሙ ያለው ያኔ በተረፈው መሬት ላይ ነው። ሲተርክ በእውነት አምሮበታል። የነፍሰ ጡሯ ጋ ሲደርስ ራሱም አለቀሰ። ልጆቹ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አላነሱም። ነገር ግን ጨርሶ እንደገና ጀመረ። ልዕልቷን የበለጠ ክፉ፣ ውኃውን የበለጠ አስፈሪ አድርጎ ደገመው፤ ሐይቁ መጨረሻ እንደሌለው፣ ሌሊት ከሥሩ የነጋሪት ድምፅ እንደሚሰማ ጨመረበት። ከቤተሰቡ አንዱ «ገዳሙ መቼ ተመሠረተ?» ብሎ ቢጠይቀው ከዘራውን ውኃው ውስጥ ነክሮ አወጣና «እሱ ይመልስልህ» አለው። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። ነፋሱም መጣ።

ገዳሙ ዳርቻ ስንደርስ ወደ ሴቶቹ ዞሮ «እናንተ ጥላው ሥር ተቀመጡ» አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ሴት አያስገባም። ይህ ሥርዓት የታወቀ ነው፤ አያትየዋም ሰምተው ኖሮ በስልክ አስጠይቀው ነበር። የተመለሰላቸው «አብሽሩ፣ ሁሉም ተስተካክሏል» የሚል ነው። የስለት ጃንጥላና በወረቀት የተጠቀለለ ጧፍ ይዘው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬቱን ተሳለሙና «ታዲያ ስለቴን ማን ያደርስልኛል ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ ዲያቆን ስለቱን በአክብሮት ተቀብሏቸው ወደ ውስጥ ወሰደው። በአቅራቢያው የሴቶች ገዳም አለ፤ እዚያ ገብተው መሳለም፣ አረፍ ብለው እናቶችን ማነጋገር ይችሉ ነበር። ጊዜው ግን ሐይቁ መሐል አልቋል። ጀልባ ነጂው ሌላ ቀጠሮ ስለነበረው ቶሎ ውጡ ይል ጀመር።

ሰውዬውን አልጠላውም። ሐይቁን ከልቡ ይወደዋል፤ አፈ ታሪኩን እንደ እሱ የሚተርክ አላየሁም። የምቆጣው እንግዳ የሚፈልገውን ነገር እያወቀ በማድበስበሱ ነው። በይበልጥ ደግሞ ሥራውን ገና የሚጀምሩ ወጣቶች ከእሱ ከዘራውንና ካፖርቱን ብቻ ሲማሩ ሳይ ያመኛል። ልጆቼ፣ እባካችሁ፣ ከአፈ ታሪኩ ጎን ታሪኩንም አጥኑት። ታሪኩ ምን ይጎድለዋል? አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ወጥተው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እዚህ መጡ፤ ገዳሙንም የትምህርት ማዕከል አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእሳቸው ዘንድ እንደተማሩ ይነገራል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ባለሥልጣናት አንዱ የነበሩበት ዘመን ነበር። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1280 ገደማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል የተጻፈበት ዘመን ከሚታወቅ የአገራችን የብራና መጻሕፍት ከጥንታውያኑ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ለመናገር ሞተር ማጥፋት አያስፈልግም።

እንግዳው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ገዳሙን ማን፣ በየትኛው ዘመን አቋቋመው? የሐይቁ ውኃ ከየት ይመጣል፣ ወዴትስ ይወጣል? ከእኛ መካከል የማይገባ አለ? ለሁለተኛው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ከላይ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ እንደሚገባበት፣ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ ግን እንደሌለው ነው። ሦስቱንም በቅጡ የመለሰ ሰው ቢያለቅስም ቢያስቅም ይያዙት። ሦስተኛውን በቀልድ ያለፈውን ግን ይተዉት፤ ገዳሙ በር ላይ ከሚነግርዎ ቤትዎ ሳሉ ቢያውቁት ይሻላል።

«ሙሉ ጉብኝት» ሲባል ዝርዝሩን አለመጠየቅ

ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለአንድ ሰው? ገዳሙ ውስጥ ስትቆዩ ጀልባው ይጠብቃል ወይስ ተመልሶ ይመጣል? የገዳሙና የሙዚየሙ መግቢያ ተካትቷል? አስጎብኚው ከጀልባው ጋር ነው የሚከፈለው ወይስ ለብቻው? እነዚህን ወረቀት ላይ ማስፈር አያሳፍርም። ወረቀት ከከበደ በስልክ መልእክት ይላኩና «እሺ» የሚል መልስ ያስቀሩ። «ለእናንተ ብቻ» የተባለ ጀልባ ላይ የጀልባ ነጂው ወዳጆች ተሳፍረው ያገኘ እንግዳም አለ፤ ስንት ሰው እንደሚሳፈር አብረው ይስማሙ።

ከሰዓት በኋላ መነሳት

ጠዋት ይውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ውኃው ይናወጣል፣ ፎቶውም አያምርም።

ስለ ሕይወት አድን ጃኬት ዝም ማለት

ሐይቁ ከዳር ሲያዩት የዋህ ይመስላል። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር በላይ የሚደርስበት ቦታ አለው። ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ልጅ ይዘው አይውጡ፤ «ዋና እችላለሁ» የሚል አባት ራሱን እንጂ ሦስት ልጆችን ይዞ አይዋኝም። ጃኬቱ አለ ቢባልም ቁጥሩንና ልኩን መሬት ላይ ሳሉ ይዩ። የአዋቂ ጃኬት የአምስት ዓመት ልጅ ላይ ቢታሰር በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ይህን በተመለከተ ከጀልባ ነጂ ጋር ብጣላ ግድ የለኝም፤ እናንተም ተጣሉ።

የበዓል ቀን መሆኑን ሳያጣሩ ለጉብኝት መምጣት

ጥቅምት 17 የቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው። ለመሳለም ለሚመጣ ምእመን ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ሙዚየሙን ረጋ ብሎ አይቶ አባቶችን ሊጠይቅ ለሚፈልግ ግን ቀኑ አይደለም፤ አባቶች በአገልግሎት ላይ ናቸው፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። የብራና መጽሐፍ አውጥቶ የሚያሳይዎ ሰው ካላገኙ አይዘኑባቸው። በማንኛውም ቀን ቢሆን መጽሐፉን በእጅ ለመንካትም ሆነ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ይጠይቁ።

ዓሣውን ሲመለሱ ለማዘዝ ማሰብ

ከጀልባ የወረደ ሰው ይርበዋል፤ ምግብ ቤቱ ደግሞ ያን ጊዜ ገና ዓሣውን ሊያጸዳ ይጀምራል። ከመሳፈርዎ በፊት ይዘዙና የመመለሻ ሰዓትዎን ይንገሯቸው። የሚቀርብልዎ አብዛኛውን ጊዜ ቆረሶ ነው። ከዚያ ከባለ ከዘራው አስጎብኚ ጋር የዋለ ሰው ዓሣውን ቅዱሳን እንዳመጡት ይሰማ ይሆናል፤ ቆረሶ ግን ወደ ሐይቁ የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሰዎች ለምርት ብለው ጨምረውት ነው። ይህም ቢሆን ለብዙ የአካባቢው ወጣቶች እንጀራ የሆነ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ አሳ አስጋሪዎቹን ቢያነጋግሩ ከአፈ ታሪኩ ያላነሰ ጨዋታ ያገኛሉ።

ጸጥታ ፈልጎ ሐይቅን መምረጥ

ሰው የማይበዛበት ውኃና ተራራ ብቻ ለሚሹ አርዲቦ ይሻላቸዋል። ሐይቅን የገዳሙ ታሪክ ለሚያጓጓው ይተዉለት።

ይሉኝታ ይዞት ዝም ብሎ መክፈል

ያ ቤተሰብ መጨረሻ ላይ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ሙሉውን ከፈለ። ጉርሻም ጨመረ። የአያትየዋ ልጅ የሰውዬውን እጅ ጨብጦ «እግዜር ይስጥልን» አለው። ከሐይቅ ከተማ ሳንወጣ ግን መኪናው ውስጥ ቁጣው ፈነዳ፤ ደሴ እስክንገባ ድረስ አልበረደም። የሰሙት እኔና እናቱ ነን፤ መስማት የነበረበት ሰው ግን ያን ቀን ጥሩ እንደሠራ አምኖ ቤቱ ገባ፤ በማግስቱም ያንኑ ደገመው።

ስለዚህ ክፍያውን ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹን ሲሳፈሩ፣ ግማሹን ሲወርዱ። ሲወርዱ የተባለው ካልተደረገ እዚያው ዳርቻው ላይ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ የቀረውን ነገር በስሙ ጠርተው ይንገሩት፦ «እናቴ የሴቶቹን ገዳም እንድታይ ተስማምተን ነበር፣ አላየችም።» የወሎ ሰው በአክብሮት የተነገረውን ቅሬታ አይጠላም። ብዙ ጊዜ ጀልባ ነጂው ራሱ አስጎብኚውን ይወቅስና መፍትሔ ይፈልጋል፤ ጊዜ ካለ መልሶ ይወስዳችኋል፣ ከሌለ ከዋጋው ይቀንሳል። አስጎብኚው ቢያኮርፍም እንኳ ቀጣዩ ቤተሰብ ሲደውል «ሴቶች ይገባሉ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይለወጣል።