የጅብን ጉዳይ በሰፈር ደረጃ ተመካክሮ ለመወሰን

በእንጦጦ ግርጌ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ አቅጣጫ ያሉ ነዋሪዎች ጅብን የሚያዩበት ዓይን አንድ አይደለም፤ በግና አህያ ያለው ይጠላዋል፣ ሌሊት ከሥራ የሚመለሰው ይፈራዋል፣ ጥንብ ማጽዳቱን የሚያስተውለው ደግሞ ይኑር ይላል። ስለዚህ ውሳኔ ከመፈለግ አስቀድሞ ሁሉም የሚናገርበት ስብሰባ ያስፈልጋል። ነባሩ ገበሬና አዲሱ ቤት ሠሪ አብረው የሚቀመጡበት ዕድር ለዚህ ይመረጣል።

በስብሰባው ቀድሞ መናገር ያለበት ከብት የተበላበት ሰው ነው። ገና ሳይሰሙት ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ትምህርት ከጀመሩለት ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ማታ መርዝ ሊያስቀምጥ ይችላል፣ መርዙም የጎረቤትን ውሻና ጥንብ አንሳን ጭምር ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የጉዳት መዝገብ ይከፈት። እንስሳው መቼና የት እንደተበላ፣ በረት ውስጥ ይደር ወይም ውጭ፣ ምን ዱካ እንደተገኘ ይጻፍበት፤ ባለቤት የሌለው ውሻ ያደረሰው ጉዳት በጅብ ሊሳበብ ይችላልና።

መዝገቡን ከጾም ጋር ማስተያየት በጣም ይጠቅማል። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ዕርድ ሲቀንስ የለመዱትን የዕርድ ትርፍ ያጡ ጅቦች ወደ አህያ ይዞራሉ። በዚህ ወቅት አህያ ደጅ እንዳያድር፣ በሌላው ጊዜም ቆዳና አንጀት በየሜዳው እንዳይጣል መስማማት ከየትኛውም ዘመቻ ይሻላል።

የሥልጣንን ወሰን ማወቅም ግድ ነው። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ስለሚከለክል፣ መግደል በሰፈር ስብሰባ አይወሰንም፤ ሰው የሚያጠቃ አውሬ ሲኖር ቦታው በአዲስ አበባ ወይም በሸገር ከተማ ሥር መሆኑ ተለይቶ ለሚመለከተው ወረዳ በጽሑፍ ይቀርባል። በረት፣ ቆሻሻና የማታ ግጦሽ ግን የነዋሪው ጉዳይ ናቸው፤ ይህ ድርሻ ከላይ በሚወርድ መመሪያ ሊወሰድበት አይገባም ብዬ አምናለሁ። የመንዝ ሕዝብ ጓሳ በተባለው ደጋማ የሣር ምድር አጨዳንና ግጦሽን፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ፣ ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ለዘመናት ራሱ ሲመራ ኖሯል፤ ቀይ ቀበሮም ዛሬ ድረስ በጓሳ ይገኛል።

ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈረምበት፣ አንድ ቅጂም ለወረዳው ይሰጥ። ከፋሲካ በኋላ መዝገቡ ለዕድሩ ተነቦ፣ ጉዳት ያልቀነሰባቸው ደንቦች ይሻሻሉ።