ካርቦን ፋይበር ኢፖክሲ ውስጥ ሳይጓጉል እንዴት ይበተናል?

ባሕር ዳር ሆናችሁ ለጀልባ መቅዘፊያ እጀታ ወይም ለመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሆን ትንሽ ዕቃ ከተቆራረጠ ካርቦን ፋይበርና ከኢፖክሲ (ማድረቂያ ሲጨመርበት የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ፋይበር ማብዛቱን ለጊዜው እርሱት። የጓጎለ ፋይበር ቢበዛ ጉዳት ነው። ጓሉ መሃል ኢፖክሲ አይገባም፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም እዚያው ነው።

አንዷ ክር 7 ማይክሮሜትር ገደማ ናት። ከፋብሪካ የምትወጣው ግን ከብዙ ሺህ ክሮች ጋር ተጣብቃ ነው፤ 12ኬ የሚባለው ጥቅል 12,000 ክር አለው። ሥራው ይህን መፍታት ነው።

ክረምት ከሆነ መጀመሪያ ፋይበሩን 100 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ አድርቁት፤ የሐይቁ ዳር እርጥበት ቀላል አይደለም። ማስክና ጓንት አትርሱ። ብናኙ ያሳክካል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ላፕቶፕ አጠገብ አትቁረጡት።

ኢፖክሲውን ሃርድነር (ማድረቂያው) ሳይገባበት፣ ከነዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና ለብ ሲል ይቅጠን። ከዚያ ፋይበሩን እንደ ሽሮ ነስነስ እያደረጋችሁ በቀስታ አማስሉ። አንዴ ከገለበጣችሁት አለቀ! ከኢፖክሲው ክብደት 1 በመቶ በሚሆን ፋይበር ብትጀምሩ ይሻላል። ድሪል ላይ ማማሰያ ገጥሞ በኃይል ማሽከርከር ያጓጓል፣ ግን ክሩን ይሰባብረዋል፤ በጣም ያጠረ ክር ደግሞ ጭነት አይሸከምም። አሴቶን የሚጨምሩም አሉ። ያቀጥናል፣ እውነት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ካልተነነ ግን የደረቀውን ዕቃ ያለሰልሰዋል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። እኔ አልመክርም።

አሁን አንድ ጠብታ በሁለት መስታወት መሃል ጨፍልቁና ወደ ብርሃን አንሱት። ክሮቹ ለየብቻ ከታዩ ደርሳችኋል። ጥቁር ጓል ካለ ማማሰሉን ቀጥሉ።

ሃርድነሩን ቀዝቀዝ ሲል በሚዛን ለክታችሁ ጨምሩ፣ በሙቀቱ ከጨመራችሁት እጃችሁ ላይ ይደርቃል። ከዚያ አየሩን በቫኪዩም ፓምፕ አውጡ፤ አረፋው ስለሚነሳ ዕቃው ሰፊ ይሁን። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 1 ባር አልሞላም ብላችሁ ፓምፑን አትርገሙ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ራሱ 0.8 ባር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሳብ ነገር የለም። እንዳለቀ ወዲያው ቅርጹ ውስጥ አፍስሱት፤ ካርቦን ከኢፖክሲ ስለሚከብድ ከቆየ ይዘቅጣል።

ሲደርቅ አንድ ናሙና ስበሩና ስብራቱን በአጉሊ መነጽር እዩ። ደረቅ የክር ጥቅል ካገኛችሁ ማማሰሉ አንሷል። ክብ ቀዳዳ ከሆነ አየር ቀርቷል።