ጦሳን ስለጠራ ብቻ ግጥም የወሎ አይሆንም

ደሴ ውስጥ የግጥም ምሽት ላይ ቶሎ ጆሮ የሚገባው ስህተት የቦታ ስም መደርደር ነው። የወሎዎቹ ጦሳ ተራራ፣ ቦርከና ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ባቲ ይጠራሉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይቀልጣል። እስቲ ጦሳን አውጡና ጉናን፣ ቦርከናን አውጡና ዓባይን ተኩበት። ግጥሙ ምንም ካልጎደለው ከመነሻውም ስለ ወሎ አልነበረም። ስም የተጠራ ቦታ ሥራ ሊኖረው ይገባል። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የቋጠርኳት እነሆ፦

ጉም ከጦሳ ወርዶ ደጃፌን ዘጋብኝ፣
ያንተ ሸሚዝ ዛሬም አልደርቅም አለብኝ።

ደሴ የከረመ ሰው ያንን የሐምሌ ጉም ያውቀዋል። ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰነብታል። «ናፍቆት» የሚል ቃል የለም፤ የሸሚዙ ባለቤት የት ሄደ የሚል ጥያቄ ግን ይመጣል።

ሁለተኛው ስህተት «እውነተኛ ግጥም የገጣሚው የራሱ ታሪክ ነው» ማለት ነው። ከላይ የምትናገረው ሴት እኔ አይደለሁም። አዝማሪን አስቡ። አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው የሰው ሐዘን ተቀብሎ «እኔ» እያለ ያዜማል። ውሸታም የሚለው የለም። አንጀት ከበላ በቃ፣ እውነት ነው።

ሦስተኛው የተዋሰ አንደበት ነው። ፒያሳ ያደገ ልጅ አያቱን ለመምሰል «ከ»ን ሁሉ «ኸ» ያደርጋል። አያትየው ስትናገር «ኸቤት» ማለቷ ያምራል። ልጁ ግን «አብሽር» እያለ በስልክ የሚያወራበት የራሱ አማርኛ አለው። ለምን ይደብቀዋል?

ቤት መምታትና ልኬት መጠበቅ አስመሳይነት ነው የሚሉም አሉ። አልስማማም። የላይኛዋ ስንኝ የወል ቤት ናት፣ ስድስት ስድስት ቀለም እያለች የምትሄድ። ልኬቱ ምን ዋሸ?

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ መንዙማን እንደ ቅመም መነስነስ ነው። ጥቂት የዐረብኛ ቃል፣ አንድ «ሶለዋት»፣ አለቀ። መንዙማ ውዳሴና ዱዓ ነው። የወሎ ሼሆች ዐረብኛ ለማያውቀው ሕዝብ ሃይማኖቱን በአማርኛ ያስተማሩበት ነው። ከእሱ መማር የፈለገ ገጣሚ ከቃላቱ በፊት አካሄዱን ያጥና፦ መሪው ሲያወርድ ጀመዓው እንዴት እንደሚቀበል፣ አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር ያው ቃል እንዴት እየከበደ እንደሚሄድ፣ ድቤው የት ላይ ጠበቅ እንደሚል። ይህ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማድመጥ ይጠይቃል፣ እስከ ሌሊቱ መጨረሻ።