በቪዲዮ ወይም በስልክ የሥነ ልቦና ሕክምናን እንዴት መከታተል ይቻላል?

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከቤታቸው ሳይወጡ የሥነ ልቦና ሕክምና ማግኘት ይችላሉ። ሆኖም ሕክምናው እንዲጠቅም ከስልኩ ጥራት ይልቅ ሌላ ሰው ሳይሰማ በነፃነት መናገር መቻል ይበልጣል።

በመጀመሪያ ባለሙያው እርስዎ ባሉበት ግዛት የሥራ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ። ፈቃዱ በአብዛኛው የሚታየው ታካሚው በቀጠሮው ሰዓት ከሚገኝበት ቦታ አንጻር ስለሆነ፣ የሜሪላንድ ነዋሪ ቨርጂኒያ ካለ ዘመዱ ቤት ቢደውል ባለሙያው ላያስተናግደው ይችላል። ኢንሹራንስዎ የቪዲዮውንም የስልኩንም ቀጠሮ መሸፈኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ካጡ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የጤና ተቋማት ይህን ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅዎን ግን ፈጽሞ አስተርጓሚ አያድርጉ፤ እናት በልጇ አፍ ሐዘኗን አውጥታ መናገር አትችልም፣ ልጁም ያለ ዕድሜው ሸክም ይሸከማል። አስተርጓሚው የሚያውቅዎ ሰው እንዳይሆን ከሰጉ፣ ከሌላ ከተማ የሚሠራ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ፤ ይህ ሥጋት ተገቢ ነው፣ ሊያሳፍርዎት አይገባም።

ቀጥሎ ቦታ ይምረጡ። የጆሮ ማዳመጫ የባለሙያውን ድምፅ ከሌሎች ይከልላል እንጂ የእርስዎን አይከልልም፤ ስለዚህ ቤቱ ሰው የሚበዛበት ከሆነ የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ ወይም ከበሩ ውጭ ሬዲዮ መክፈት ይረዳል። ስልክዎን ቻርጅ ያድርጉ፣ የቪዲዮ ቀጠሮውን ሊንክም ትንሽ ቀደም ብለው ይክፈቱ።

ቀጠሮው ሲጀመር ያሉበትን አድራሻና ለድንገተኛ ችግር የሚጠራ ሰው ስልክ ይስጡ፤ መስመሩ ቢቋረጥ ማን መልሶ እንደሚደውልም ይስማሙ።

በስልክ ብቻ ሲሆን ባለሙያው ፊትዎን አያይም። «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባሉ እንደ ልማዳችን «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ካለፉ ደኅና እንደሆኑ ሊወስድ ስለሚችል፣ እንቅልፍ ካጡ ወይም እያለቀሱ ከሆነ በቃል ይንገሩት።

ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ለሚያስጨንቃቸው ሰዎች እርዳታ ወደሚሰጠው የስልክ መስመር 988 በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል፣ ሕይወት አፋጣኝ አደጋ ላይ ከሆነ ደግሞ 911 ይደውሉ።