የምታነቡት ዜና የማን እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?

ባቲ የሰኞ ገበያ የወጣ ሰው የአፋሮችን ዳጉ ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቆም ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ተናጋሪው ያየውንና የሰማውን ይለያል፤ ከማን እንደሰማም ይናገራል። ስልካችን ላይ የሚገባውን ዜና ግን እንዲህ የሚጠይቀው የለም። እኛ እንጠይቀው።

መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጉ። ጋዜጣ ከሆነ ቀላል ነው፤ የአሳታሚው ስምና አድራሻ ታትሟል። አዲስ ዘመንን የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት የመንግሥት ነው። ኢቢሲ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ደግሞ ለአማራ ክልል ምክር ቤት ነው። ዶይቼ ቬለ የሚተዳደረው በጀርመን መንግሥት በጀት ነው። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ «ስለ ገጹ» ወደሚለው ግቡ። መቼ እንደተከፈተና ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ያሳያችኋል። እስከ ትናንት የፍቅር ጥቅስ ሲለጥፍ የኖረ ገጽ ዛሬ «ሰበር ዜና» ማለት ከጀመረ፣ ተሽጧል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ከዚያ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ አስቡ። የግል ሚዲያ የሚኖረው በማስታወቂያና በስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰሩን ደፍሮ የሚነካ ጥቂት ነው። ዩቲዩበሩ ደግሞ እይታ ይፈልጋል፤ ርዕሱ የሚጮኸውም ለዚህ ነው።

ባለቤቱን ማወቅ ዜናውን ለመጣል አይደለም። ማዳበሪያ መቼ እንደሚከፋፈል አሚኮ ቢነግረኝ አምናለሁ። ለምን እንደዘገየ ግን ሌላም ቦታ እጠይቃለሁ። ባለቤትነት ጎልቶ የሚታየው ከሚነገረው ይልቅ በሚዘለለው ላይ ነው።

አሁን ምንጭ ቁጠሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሦስት ጣቢያዎች አንድ መግለጫ ካነበቡ ምንጩ ያው አንድ ነው። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕወሓት ደሴን ያዝኩ አለ፤ መንግሥት ደግሞ ከተማዋ በእጄ ናት ብሎ አስተባበለ። ሁለቱም ተዋጊ ናቸው፤ ሁለቱም የራሳቸውን ወሬ የሚያደርሱበት ሚዲያ ነበራቸው። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ነገሩ ክርክር ነበር። ለደሴ ሰው ግን ልጅ ይዞ የመውጣትና ያለመውጣት ጉዳይ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት ሁለቱን መግለጫ ደጋግሞ መስማት አይጠቅምም። ስልኩ ከሠራ፣ ሰፈሩ ውስጥ ላለ ሰው ደውሉና «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» በሉት።

ከዜናው ጋር የመጣውን ፎቶ ጉግል ሌንስ በተባለው የፎቶ መፈለጊያ ፈትሹ፤ የሌላ አገር ጦርነት ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ አታጋሩ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ላለው ቅጣቱ ይከብዳል።

የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አጎት የለጠፉትን ግን በሰው ፊት «ውሸት ነው» አትበሉ። በውስጥ መስመር «አጎቴ፣ ይሄን ያወጣው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ራሳቸው ያጠፉታል።